ነሐሴ ላይ ከእናቴና ከልጆች ጋር ኮታንታን (ኖርማንዲ)፤ ምን እንይ? ምን እንብላ?

ሀና_ፍራንክፈርት | ሐምሌ 6

ሰላም ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች! ዘንድሮ ዕረፍታችንን ባሌ ነው የወሰነው፣ እኔ ስፔን ስፔን ስል እሱ ሄዶ ፈረንሳይ ኖርማንዲ ውስጥ ካርትሬ ከምትባል ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ቤት ተከራየ። አካባቢውን ኮታንታን ይሉታል፣ ካርታ ላይ ሳየው ወደ እንግሊዝ የቀሰረ አውራ ጣት ይመስላል። ከኦገስት 9 እስከ 16 ነው፣ በኛ ከነሐሴ 3 እስከ 10፣ አዎ ፍልሰታ ላይ፣ አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት፣ 68 ዓመቷ ነው ጉልበቷን ያማታል ግን ቤት ተቀመጪ ብትባል የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ልጆቹ 11 እና 7 ናቸው።

አንዱ የምፈልገው እናቴን ሞን ሳን ሚሼል መውሰድ ነው፣ ፎቶውን ካሳየኋት ጀምሮ "የሚካኤል ደሴት" እያለች ለጎረቤት ሁሉ በስልክ አውርታለች። ደረጃው ብዙ ነው ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ሌላው ልጆቹ ስልክ የሚረሱበት ነገር ካለ ንገሩኝ። ሦስተኛ ዝናብ ከሆነስ? አራተኛ ቅቤና ክሬም የሚጠጣ አገር ውስጥ ጾመኛ ምን ይበላል?

ካፒቴን_ሸርቡር | ሐምሌ 6

እንኳን ወደ ሰፈሬ መጣሽ ሀና! 14 ዓመቴ ነው እዚህ፣ ይሄን ጣት የሚያውቅ ሐበሻ ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል፣ ሁሉም ኖርማንዲ ሲሉት ዶቪል ሄዶ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል።

ከቦታው በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እሱን ካልያዝሽ ሌላው ሁሉ ይበላሽብሻል። እዚህ ፕሮግራም የሚያወጣው ባህሩ ነው። ጠዋት እግርሽ ሥር የነበረው ባህር ከሰዓት ብትመጪ የለም፣ ሄዷል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ዓይንሽ እስኪደክም አሸዋ ብቻ ነው። ሞን ሳን ሚሼል ባለበት የባህር ወሽመጥ ትልቅ ሙላት ሲሆን በከፍታውና በዝቅታው መካከል 14 ሜትር አካባቢ ልዩነት አለ፣ አራት ፎቅ ቤት በይው። በየስድስት ሰዓቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ "ትናንት በዚህ ሰዓት ሄደን ነበር" የሚባል ነገር አይሠራም።

ፈረንሳዮች ለዚህ ቁጥር አላቸው፣ ኮኤፊሲያን ይሉታል፣ ከ20 እስከ 120 ነው። 40 ከሆነ ባህሩ ሰንፏል ማለት ነው፣ ከ90 በላይ ከሆነ እዚህ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ቦት ጫማውን አድርጎ ባልዲ ይዞ ሲወጣ ታያለሽ። ዛጎል ለቀማ ነው፣ ፔሽ አ ፒዬ ይባላል፣ በእግር የሚጠመድ ዓሣ እንደማለት። ከቱሪስት ቢሮ ትንሿን የሰዓት ደብተር ያዢ። የናንተ ሳምንት መጀመሪያው ላይ ደህና ቁጥር አለው። በኛ በኩል ትልቅ ሙላት ሲሆን ባህሩ ሁሌ የሚጎድለው በአንድ አካባቢ ሰዓት ነው፣ ሰኞ ዕለት 9 ሰዓት ላይ ካርትሬ ቢች ብትገኙ ሙልጭ ብሎ ሄዶ ታገኙታላችሁ።

ለልጆቹ ደግሞ ጨው ያዢ። ተራ የወጥ ቤት ጨው። አሸዋው ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ቀዳዳ ሲያዩ ትንሽ ጨው ይነስንሱበት፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ ቢላ እጀታ የሚመስል ረጅም ዛጎል ራሱ ብቅ ይላል። ኩቶ ይባላል፣ ቢላ ማለት ነው። እኔ ትልቁ ሰውዬ እስካሁን ሲወጣ እጮሃለሁ። የምትለቅሙት ነገር ሁሉ ትንሹ መጠን በሕግ የተወሰነ ነው፣ ሙል የሚባለው ጥቁር ዛጎል ለምሳሌ 4 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ ይመለሳል። ደግሞ ባህሩ መመለስ ሲጀምር ፊታችሁን ወደ መሬት አዙሩ፣ በኋላችሁ በኩል በጎድጓዳው ዞሮ ይመጣል፣ በየዓመቱ ሰው በሄሊኮፕተር ይወጣል።

እቴጌ_ሊዮን | ሐምሌ 6

ይቅርታ ግን ሰው ነሐሴን ለዝናብ ገንዘብ ይከፍላል? ለዝናብ ለዝናብማ አዲስ አበባ ነበረች እናትሽ 😂 እኔ ብሆን ኒስ ነበር የምወስዳቸው፣ ባህሩም አይሸሽም ባለበት ይቆማል።

ቲጂ_ፓሪስ | ሐምሌ 6

እቴጌ ኒስ ነሐሴ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት 68 ዓመት ሴትዮ ይዘሽ ፓርኪንግ ፈልጊና እንነጋገራለን። እኔ ሁለት ጊዜ ኮታንታን ሄጃለሁ፣ ባህሩ ይቀዘቅዛል እውነት ነው፣ ነሐሴ ላይ 17 ወይ 18 ዲግሪ ነው፣ ልጆች ግን ምን ገዷቸው።

ሀኒ ሁለት ነገር ልንገርሽ ማንም አይነግርሽም። አንደኛ ካርትሬ ወደብ ላይ ወደ ጀርሲ የሚሄድ ጀልባ ታያላችሁ፣ ቅርብ ነው፣ ባልሽ "ለአንድ ቀን ሄደን እንምጣ" ይላል። እንዳትሰሚው! ጀርሲ ሸንገን አይደለም። የእናትሽ ቪዛ እዚያ አያስገባም፣ ደግሞ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የተሰጠ ቪዛ ከሆነ ከሸንገን ወጥታ መመለሻ የላትም።

ሁለተኛ ከፓሪስ ኖርማንዲ ውስጥ ወዳለችው ካን የሚወስደው ኤ13 መንገድ ላይ የክፍያ በር ተነስቷል። ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳና ያልፋል፣ ማንም አያስቆማችሁም፣ ነጻ መስሏችሁ ትሄዳላችሁ። በ72 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ ኢንተርኔት ገብታችሁ ወይ ሲጋራ መሸጫ ሱቅ ሄዳችሁ ካልከፈላችሁ ቅጣት ይመጣል፣ የጀርመን ታርጋ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ከካን በኋላ ያለው ነጻ ነው።

ወልደሚካኤል_ስቶክሆልም | ሐምሌ 7

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እህታችን ሀና እናትሽን መውሰድሽ መልካም ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር፣ የቦታውን ታሪክ ለእናትሽ አስቀድመሽ ብትነግሪያቸው ይወዱታል። በ708 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የአቭራንሽ ጳጳስ የነበረ ኦቤር የሚባል ሰው ነበር፣ ሊቀ መላእክት ሚካኤል በሕልሙ መጥቶ እዚያ ድንጋይ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሥራልኝ አለው። ሕልም ነው ብሎ ተወው። ሁለተኛም መጣ ተወው። በሦስተኛው መልአኩ ጣቱን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ራሱን በሳው ይላሉ። ቀዳዳ ያለበት የራስ ቅል ዛሬም አቭራንሽ ከተማ ሳን ዤርቬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሣጥን ተቀምጦ ይታያል፣ እኔም አይቼዋለሁ። መነኮሳቱ የገቡት በ966 ነው፣ ከላይ ጫፉ ላይ የሚያበራው የወርቅ ቅብ ሐውልት ግን የቅርብ ጊዜ ነው፣ በ1897 የተሰቀለ።

የካቶሊክ ነው፣ የኛ አይደለም፣ ግን ስሙ ስሙ ነው።

ካፒቴን_ሸርቡር | ሐምሌ 7

ስለ ደረጃው፦ እስከ ላይኛው ገዳም 350 ደረጃ ገደማ አለው፣ እናትሽ ግን መውጣት የለባቸውም። ፓርኪንጉ ከደሴቱ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ ነው፣ ከዚያ ነጻ አውቶቡስ አለ፣ ድልድዩ ላይ ያወርዳችኋል። በሩን ገብታችሁ ዋናውን መንገድ ቀስ እያላችሁ ስትወጡ በቀኝም በግራም ማግኔትና ብስኩት ሻጭ ነው፣ አትቁሙ፣ ገፋ ስትሉ ሳን ፒዬር የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሰፈሩ ሰው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ውስጧ በብር የተለበጠ የሚካኤል ሐውልት አለ፣ ሻማ የሚበራው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲሮጥ ያልፋታል። እማማን እዚያ አስቀምጪያቸው። ደሴቱ ራሱ መግቢያ የለውም፣ የሚከፈለው ላይኛው ገዳም ነው፣ እሱም ለልጆች ነጻ ነው።

ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ አትድረሱ፣ ሕዝቡ መርካቶ ነው። ወይ በጣም በማለዳ ወይ ወደ ማታ።

ባልሽና ትልቁ ልጅ ግን በእግር ይምጡ። ዠኔ ከምትባል መንደር፣ ቤክ ዳንዴን ከሚባል ቦታ ተነስተው ባህሩ በሸሸበት 7 ኪሎ ሜትር ያህል በባዶ እግር። ያለ አስጎብኚ ግን በጭራሽ! አሸዋው የሚውጥ ቦታ አለው፣ ወንዞቹም መንገዳቸውን ይቀያይራሉ። አስጎብኚው የሚውጠው ቦታ ላይ ሆን ብሎ ያቆማችሁና እስከ ጉልበታችሁ አስገብቶ እንዴት እንደሚወጣ ያሳያችኋል፣ ልጅሽ ሌላውን ሁሉ ይረሳና ያንን ያስታውሳል።

አቤል_በእግሩ | ሐምሌ 7

እኔ ሬን ነው የምኖረው፣ ከናንተ ወደ ደቡብ። ለእግር የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ላ ሃግ ሂዱ፣ የጣቱ ጥፍር በሉት፣ ሰሜን ምዕራብ ጫፉ። ዠ ኤር 223 የሚባል መንገድ የባህሩን ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል፣ ቀይና ነጭ ምልክት እያየህ ነው የምትሄደው፣ ድሮ የጉምሩክ ሰዎች ኮንትሮባንድ ለመያዝ ሌሊት ሌሊት የሚመላለሱበት ነበር። ከጉሪ ተነስታችሁ በኤካልግራን አድርጋችሁ እስከ ኔ ደ ዦቡር፣ የዦቡር አፍንጫ ማለት ነው፣ ገደሉ ከ100 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ባህር ይወርዳል። የ7 ዓመቷን እጅ ይዛችሁ።

መንዝን የሚያውቅ ሰው ላ ሃግ ሲደርስ ይደነግጣል። በድንጋይ ካብ የታጠረ ትንንሽ እርሻ፣ የድንጋይ ቤት፣ በግ፣ ነፋስ፣ በድንገት የሚወርድ ጉም። አያቴ ብታየው "የማን ርስት ነው?" ብላ ትጠይቅ ነበር። ልዩነቱ እንደ እረኛ ቀና ስትል ባህር ታያለህ፣ ማዶ ደግሞ ኦሪኚ የምትባል የእንግሊዞች ደሴት። በመካከላቸው ራ ብላንሻር የሚባል ውሃ አለ፣ አውሮፓ ውስጥ ካሉት ኃይለኛ የባህር ወራጆች አንዱ ነው፣ ከዳር ቆመህ ስታየው ባህር አይመስልም፣ ክረምት ላይ የሞላ አባይ ነው የሚመስለው።

መንገድ ላይ ኮረብታው አናት ላይ ትልቅ ፋብሪካ ታያላችሁ፣ ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ መልሶ የሚያጣራ ነው፣ ፎቶው ላይ እንዳይገባ ወደ ባህሩ ዞራችሁ አንሱ። ስትመለሱ ፖር ራሲን ጎራ በሉ፣ ከፈረንሳይ ትንሿ ወደብ ናት ይባላል፣ ጀልባዎቹ በገመድ ተወጥረው የታሰሩ የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስሉት። ለእማማ ደግሞ ቮቪል ያለው የአትክልት ቦታ ጥሩ ነው፣ ባህሩ ብርዱን ስለሚያለዝበው ዘንባባ ይበቅላል።

ዳዊት_በርሚንግሃም | ሐምሌ 8

እኔ ከፖርትስማውዝ በጀልባ ሸርቡር እየገባሁ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ፣ የጦርነት ታሪክ ወዳጅ ስለሆንኩ። ሳንት ሜር ኤግሊዝን እንዳትዘሉ። ጁን 6 ቀን 1944 ሌሊት አሜሪካኖቹ በጃንጥላ ሲወርዱ ጆን ስቲል የሚባል ወታደር ጃንጥላው የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ተሰካበት፣ ከታች ውጊያ ሲካሄድ እሱ ሞቶ የተንጠለጠለ መስሎ ሰዓታት ቆየ። ዛሬም አሻንጉሊት ሰውዬ ከነጃንጥላው እዚያ ተንጠልጥሏል፣ ልጆች ከሩቅ ያዩታል ይጮሃሉ። ውስጥ ግቡና መስታወቱን እዩ ደግሞ፣ በአንዱ ላይ የተሣለው ቅዱስ ሚካኤል ነው፣ የጃንጥላ ወታደሮች ጠባቂ ስለሆነ። እናትሽ ከሄደችበት ሁሉ ሚካኤል ይጠብቃታል ማለት ነው።

ከዚያ አሜሪካኖቹ በባህር የወረዱበት ዩታ ቢች 15 ደቂቃ ነው። የጀርመን ታርጋ ይዘሽ ስትሄጂ አትሸማቀቂ፣ ከሚመጡት መኪኖች ስንቱ የጀርመን ነው።

ካፒቴን_ሸርቡር | ሐምሌ 8

ዝናብ ከሆነ ወደኔ ኑ። ሸርቡር የድሮው የመርከብ መንገደኞች ጣቢያ ሲቴ ደ ላ ሜር የሚባል ሙዚየም ሆኗል፣ ውስጡ ለሩዱታብል የሚባል 128 ሜትር ሰርጓጅ መርከብ አለ፣ ፈረንሳይ የመጀመሪያዋን ኑክሌር ሚሳይል ተሸካሚ እዚሁ ሸርቡር ሠርታ በ1967 ውሃ ላይ ያወረደችው። ልጆቹ ከአንዱ ጫፍ ገብተው በሌላው ይወጣሉ፣ የወታደሮቹ አልጋ እንደ መደርደሪያ ነው። ታይታኒክም ኤፕሪል 10 ቀን 1912 እዚህ ቆማ ሰው ጭና ነው የሄደችው።

ቀኑ ከጠራ ደግሞ ወደ ምሥራቁ ጎን፣ ሳን ቫ። ከዚያ ታቲዉ የምትባል ደሴት የሚያሻግር ጎማ ያለው ጀልባ አለ፣ ቀልድ አይደለም፣ ባህሩ ከሞላ ይንሳፈፋል ከጎደለ በጎማው በኦይስተር እርሻ መሐል ይነዳል። እማማ ሳይራመዱ ደሴት ይገባሉ። ትኬቱን ቀድማችሁ ያዙ፣ በቀን የሚገባው ሰው የተወሰነ ነው። ከዚያ ባርፍለርና የጋትቪል መብራት ማማ፣ 75 ሜትር፣ ደረጃው 365፣ መስኮቱ 52፣ እርከኑ 12፣ የዓመቱ ቀንና ሳምንትና ወር ማለት ነው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ | ሐምሌ 8

ጳጉሜስ?

ካፒቴን_ሸርቡር | ሐምሌ 8

ጳጉሜ ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ያለችበት ምድር ቤት ነው 😂

እቴጌ_ሊዮን | ሐምሌ 9

ቆይ የጾሙን ነገር ማንም አልመለሰላትም እኮ፣ ሁላችሁም ድንጋይና ወታደር ብቻ።

ቲጂ_ፓሪስ | ሐምሌ 9

እውነትሽን ነው። ምግብ ቤት የምታገኘው ጥብስ ድንች ነው በቃ፣ እሱም አንዳንዱ በስብ ነው የሚጠበሰው ጠይቂ። ጋሌት የሚባለውን ከጥቁር ስንዴ የሚሠራውን ሞክሩላት፣ ሊጡ ባህላዊው ውሃና ጨው ነው ግን አንዳንዱ እንቁላል ይጨምራል፣ ምጣዱን ደግሞ በቅቤ ነው የሚያሹት፣ "ሳን በር" በያቸው፣ ያለ ቅቤ። የእናንተ ቤት ወጥ ቤት ካለው ግን ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ሂጂ፣ እንጀራውን ጠቅልለሽ በበረዶ ሳጥን። ለናንተ ለማትጾሙት ደግሞ የባርፍለር ሙል፣ ወቅቱ የፈረንጅ በጋ ነው፣ ራሱ ባህር ውስጥ የሚያድግ እንጂ ሰው የሚያረባው አይደለም።

ወልደሚካኤል_ስቶክሆልም | ሐምሌ 9

በፍልሰታ ዓሣም አይበላም። ዛጎሉስ ክንፍና ቅርፊት የለውም፣ በጾምም ያለ ጾምም።

ካፒቴን_ሸርቡር | ሐምሌ 9

ወልዴ እኔ ኮ 14 ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ነው የበላሁት፣ አሁን ምን ይሻላል 🙈

ወልደሚካኤል_ስቶክሆልም | ሐምሌ 9

እያወቅህ ነው ወንድሜ።

ሀና_ፍራንክፈርት | ነሐሴ 12

ቤተሰብ ተመልሰናል! ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት፣ ረጅም ነው ቡና አፍሉ።

መጀመሪያ ቤቱ። "የባህር እይታ ያለው" ተብሎ ነበር የተከራየነው፣ ባህሩ የሚታየው ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ወንበር ላይ ስትቆሙ ነው፣ እሱም ሲሞላ። ግን ግቢው ሰፊ፣ ከጎን ላሞች፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት ከላሞቹ ጋር ስታወራ ነው የማገኛት፣ በአማርኛ፣ ጡታቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው እያለች ለቤተሰብ ቪዲዮ ትልክ ነበር።

ካፒቴን! አንተን ሰኞ ዕለት ልንገድልህ ነበር። 9 ሰዓት ላይ ባህሩ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል አልከን አይደል፣ እኛ ልጆቹን በግድ ቀስቅሰን፣ ቁርስ መኪና ውስጥ፣ ባልዲ፣ መቧጠጫ፣ ግማሽ ኪሎ ጨው፣ ቦት ጫማ በየልኩ ገዝተን፣ ልክ 9 ሰዓት ካርትሬ ቢች ደረስን። ባህሩ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አሸዋ የሚባል ነገር የለም፣ ማዕበሉ ግንቡን እየመታ ይረጫል። አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ቆመው እኛንም ባልዲያችንንም አዩን፣ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ውሻውን ይዘው ሄዱ። ባሌ "ሰውዬው ቀልዶብን ነው" አለ። ስልኬን አውጥቼ የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩ፣ 9 ሰዓት ይላል። እናቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ምንድነው አለችኝ፣ ነገርኳት፣ "ሰውየው ሐበሻ አይደለም እንዴ? 9 ሰዓት ካለ ከምሳ በኋላ ነው" አለች።

20 ዓመት ጀርመን ስኖር ሰዓቱ ከጭንቅላቴ ወጥቷል ማለት ነው። ቤት ተመልሰን ተኝተን ምሳ በልተን ከሰዓት 9 ሰዓት፣ የኛ 9 ሰዓት፣ ሄድን። ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ? ጠዋት ግንቡን ይመታ የነበረው ባህር ለማየት ዓይን የሚያጠብ ርቀት ላይ ነጭ ክር ሆኖ ቀርቷል፣ አሸዋው ላይ ትራክተር ይነዳል፣ ሰው እንደ ጉንዳን ጎንበስ ብሎ ይቧጥጣል። ጨዉ እውነት ነው! ትንሿ ልጄ ቀዳዳው ላይ ነሰነሰች፣ ምንም፣ ምንም፣ ከዚያ ውሃ እንትፍ አለና ብቅ! ጩኸቷን ሸርቡር ሳትሰማው አትቀርም። ሲያዙት ቶሎ ካልሳቡት መልሶ ይገባል፣ ሲስቡት ደግሞ በኃይል ነው የሚታገለው፣ እንደዚያ ይታገላል ብዬ አላሰብኩም። ሰባት ያዙ። እናቴ ባልዲው ውስጥ አይታ "ይሄ ጣት ነው የሚመስለው፣ መልሱት" አለች፣ ልጄ ጨው ይዛ ስትቀርባት "ጨዉን ከጨመርሽ ቀጥሎ በርበሬውን ልታመጪ ነው?"። መለስናቸው። ቁልቁል ቆመው ሲቀበሩ ማየት ከመያዙ በላይ አዝናናቸው።

ሞን ሳን ሚሼል። ባሌና ትልቁ ልጄ በእግር፣ እኛ ሦስት ሴቶች በአውቶቡስ። አስጎብኚያቸው እኛ ከመድረሳችን በፊት አስነስቷቸዋል፣ ድልድዩ ላይ ወርደን ቆመን ሩቅ አሸዋው ላይ ሰልፍ ይዘው ሲመጡ አየናቸው፣ ሃያ ሠላሳ ሰው፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ። እናቴ ዓይኗ ከኔ ይሻላል፣ "ጫማ አውልቀው ነው የሚመጡት!" አለች። እኔ ጭቃው ስለሆነ ነው እማዬ፣ ወንዝ ስለሚሻገሩ ነው ብል የት ትሰማኛለች፣ እሷ ለክብር ያወለቁ ነው የመሰላት፣ "እኛ ብቻ መስሎኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹን የምታይበት ዓይን ተቀየረ፣ መንገዱ ላይ የሚገፏትን ሁሉ ይቅር አለች።

ሳን ፒዬር ካፒቴን እንዳልከው ናት፣ ጨለም ያለች፣ ቀዝቃዛ፣ ከውጪው ግርግር ሁለት እርምጃ ገብተሽ ዝም የሚል ቦታ። እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ማንም የሚያወልቅ የለም፣ ቱሪስቱ ከነቦርሳው ይገባል ይወጣል፣ እሷ በካልሲ በዚያ ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ሚካኤሉ ፊት ቆመች። እኔ ጫማው እንዳይረገጥ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ጃፓናዊ የሚመስል ሰውዬ መጥቶ ጫማዋን ፎቶ አነሳው። ጥቁር የሰርከስ ጫማ የሚመስል ለጉልበት የገዛሁላት ነው፣ ምን ታየው እንጃ። የኦቤርን ታሪክ ወልዴ የጻፍከውን ስነግራት ራሱን በጣቱ በሳው ስላት "እሰይ፣ ሦስቴ ተልኮበት!" አለች። ስትመለስ አቭራንሽ ካላየሁት አለች፣ ሄድን፣ አየችው፣ ቀዳዳውን። ዝም ብላ ወጣች፣ መኪና ውስጥ ብዙ አላወራችም።

ልጄ ደግሞ ጉልበቱ ድረስ ግራጫ ጭቃ ሆኖ መጣ፣ የሚውጠው አሸዋ ላይ አቁሟቸው ነበር፣ እንደ ገንፎ ይንቀጠቀጣል አለ። ላይኛው ገዳም አልወጣም አለ፣ ደክሞት፣ ባሌ ብቻውን ወጣ።

ሌላው በአጭሩ፣ ታቲዉ ጎማ ያለው ጀልባ ደስ ይላል፣ ጋትቪል 365ቱን ወጣን ትልቁ ልጄ ቆጥሮ 364 ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። ላ ሃግ በጉም አለፈ፣ የዦቡርን አፍንጫ ሳይሆን የራሳችንንም አላየንም፣ አቤል ይቅር በለኝ። ጋሌቱን እናቴ ከሩቅ ጥቁር እንጀራ ነው ብላ ደስ አላት፣ ቀረብ ስትል "ቅጫ ነው" አለች፣ ግን ሁለት በላች። ሽሮው አዳነን።

አቤል_በእግሩ | ነሐሴ 12

ላ ሃግ በጉም ነው የሚያምረው ብዬ ላጽናናሽ ነበር ግን ውሸት ነው። ሌላ ጊዜ። ሾዜ ደሴቶች አልሄዳችሁም?

ሀና_ፍራንክፈርት | ነሐሴ 12

ከግራንቪል የሚሄደው ጀልባ በኛ ቀን በማለዳ ሄዶ ማታ ነበር የሚመለሰው፣ እንደ ባህሩ ሰዓት ይቀያየራል ብለውኛል፣ መኪናም የለም በእግር ነው፣ እናቴን እንዴት አድርጌ። በምትኩ ግራንቪል የክርስቲያን ዲዮር ቤተሰብ ቤት የነበረውን አየን፣ የአትክልት ቦታው ነጻ ነው፣ ጽጌረዳው መሐል ተቀምጣ ባህሩን እያየች ጸሎቷን አደረሰች።

ካፒቴን_ሸርቡር | ነሐሴ 12

ሃሃሃሃሃ የ9 ሰዓቱን ሳነብ ባለቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት፣ ከሳቅ የተነሳ ልትወድቅ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር በፈረንጅ፣ በአማርኛ ስጽፍ ግን ወደ ቤት ነው የምሄደው። ለእማማ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ እሳቸው ብቻ ናቸው የገባቸው። ልጅሽን ደግሞ 365 ነው በይው፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይቆጥር ተነስቶ ይሆናል።

ቲጂ_ፓሪስ | ነሐሴ 12

ሀኒዬ ደስ ሲል! ያ የኤ13 ነገር ከፈላችሁ አይደል?

ሀና_ፍራንክፈርት | ነሐሴ 12

አዎ አዎ፣ ባሌ እንደደረስን ሰኞ ዕለት በስልኩ ከፍሏል፣ ያንቺን አስነብቤው።

ቲጂ_ፓሪስ | ነሐሴ 12

እሱ የመሄጃው ነው። የመመለሻውስ? ቅዳሜ ነው የተመለሳችሁት አይደል፣ 72 ሰዓቱ ነገ ያልቃል።

ሀና_ፍራንክፈርት | ነሐሴ 12

ቆዩኝ መጣሁ